በሳሙና የታጠበው ማጣሪያ

እኛ የወሎ ሴቶች እንግዳ ይመጣል ከተባልን ቤቱን ገልብጠን ካላጠብን እንቅልፍ አይወስደንም። ይህ ጠባያችን ያበላሸውን ነገር ባሰብኩ ቁጥር እስከ ዛሬ በራሴ እናደዳለሁ። በዶክቶራዋም እናደዳለሁ፤ የትኛው እንደሚብስ ግን አላውቅም።

ጦርነቱ ካርቱምን ከመበተኑ በፊት፣ አል-ጣኢፍ በሚባለው የከተማው ሰፈር አንዲት የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ቤት እሠራ ነበር። ሰው ሁሉ ዶክቶራ ነበር የሚላት። በዕድሜ እኩያዬ ናት፤ ክፉም አልነበረችም። አንድ ቀን ምሳ ሳቀርብ ስለ ምርምሯ አጫወተችኝ። ሸክላ ከሰጋቱራ ጋር ተቦክቶ የሚሠራ የውሃ ማጣሪያ ነው። ድፍርሱን ውሃ ከላይ ሲሞሉበት በሸክላው ውስጥ እየሰረገ ከሥር ወዳለው ባልዲ ጠብ ጠብ ይላል።

"እናንተ ጋ ሳጃና እናስቀምጠው" አለችኝ። "ጉድለቱን ንገሩኝ። አስተካክለን አሠራሩን ለሸክላ ሠሪዎች እንሰጣለን፤ እነሱ በርካሽ እየሠሩ በየሰፈሩ ይሸጡታል።"

ደስ አለኝ። ሳጃና በሚባለው ሰፈራችን በአንድ ግቢ ስድስት ሴቶች ነበርን፤ ሁላችንም በየሰው ቤት ሠራተኞች። ከመካከላችን አንዷ የሁለት ዓመት ሴት ልጅ ነበረቻት። ልጅቱ ተቅማጥ አልለቃት ብሎ እግሮቿ የክብሪት እንጨት አክለዋል። ሐኪሙ "ውሃው ነው" ብሏል። እውነትም አባይ ሲሞላ ከቧንቧችን የሚወርደው ውሃ ሳይሆን ጭቃ ነበር።

ማጣሪያው በገባ በሦስተኛው ሳምንት ልጅቱ ግድግዳ ሳትይዝ ግቢውን ዞረች። እናቷ በእልልታ አቀለጠችው። ያኔ ዶክቶራዋ ለምርመራ የሚሆን ውሃ ለመቅዳት ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ እመጣለሁ አለች፤ የእኛም ጉድ ከዚያ ጀመረ።

"ሳሙና እንዳይነካው፣ በውሃ ብቻ ይቦረሽ" ብላ ነበር። ተርጉሜ የነገርኳቸው እኔው ራሴ ነኝ። ግን ማን ሰምቶ! ሲነጋም ሲመሽም የሰው ቤት የምናጸዳ ሴቶች ነን። የልጅቱ እናት ከት ብላ ሳቀች።

"ወላሂ ያለ ሳቡን ታጥቦ ነዲፍ የሆነ ዕቃ አይቼ አላውቅም! ዶክቶራዋ ለመሆኑ በእጇ ዕቃ አጥባ ታውቃለች?"

ሁላችንም ሳቅን። ዓርብ ሥራ የለንም፤ ስለዚህ ዓርብ ዓርብ ማጣሪያውን በሳሙናና በበረኪና እንፈትገው ጀመር። እኔም ፈትጌያለሁ።

ሳሙናው የሸክላውን ጥቃቅን ቀዳዳ ደፈነው። ጠብታው እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ በመጨረሻ ሲንጠባጠብ ውሎ አንድ ብርጭቆ የማይሞላ ሆነ። ታዲያ ቅዳሜ ዶክቶራዋ መጥታ ባዶ ባልዲ ልታይ ነው?

"እንግዳ ባዶ ዕቃ ማሳየት ነውር ነው" አለች የልጅቱ እናት። "ያላ፣ ከዱካን ሞያ አምጡ!"

ከሱቅ የታሸገ ውሃ ገዝተን ባልዲውን ሞላነው። ዶክቶራዋ ከዚያው በትንሽ ጠርሙሷ ቀዳችና "እንዴት ነው?" አለች። ስድስታችንም በአንድ አፍ "አልሐምዱሊላህ፣ በጣም ጥሩ ነው" አልን። በሚቀጥለውም ቅዳሜ፣ በሚቀጥለውም እንዲሁ። የሱቁን ውሃ ግን ለእንግዳ እንጂ ለየቀኑ አንችለውም ነበር። ልጅቱ ወደ ቧንቧው ተመለሰች፤ ተቅማጡም አገረሸባት።

ከጥቂት ወራት በኋላ ዶክቶራዋ ቤት ግብዣ ተደረገ። ጥናቱ አልቆ ውጭ አገር መጽሔት ላይ ሊወጣ ነው። ውሃችን አንድም ጀርም ያልተገኘበት ንጹሕ ውሃ ተብሏል። ሻይ እያዞርኩ ጭብጨባውን ሰማሁ። ሸክላ ሠሪዎቹን ያነሳ ሰው ግን አልነበረም። እንግዶቹ እንደወጡ ማድቤት ስትገባ ሁሉንም ዘረገፍኩላት፤ ሳሙናውን፣ በረኪናውን፣ የሱቁን ውሃ።

ፊቷ ተለዋወጠ። "ደሊል አለሽ?" አለችኝ፤ ማስረጃ ማለቷ ነው።

"ማስረጃዬ ልጅቱ ናት። ነይና እያት።"

"ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልነገራችሁኝም?"

"አፈርን።"

"ኸላስ፣ ጽሑፉ ሄዷል። በሚቀጥለው ጥናት ኢንሻአላህ እናስተካክለዋለን።"

"ሸክላ ሠሪዎቹስ?"

"እሱ የሌላ ክፍል ሥራ ነው፤ የእኔ አይደለም።"

"እሺ፣ ለልጅቱ ሌላ አንድ ማጣሪያ ስጪኝ።"

በጀቱ ተዘግቷል አለችኝ። የቀረው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ለኤግዚቢሽን ይፈለጋል። ሳሎን መደርደሪያ ላይ አስቀምጣዋለች።

ይህንን ሳጃና ሄጄ ስናገር የልጅቱ እናት "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" አለችኝ። ልክ ናት። ግን እሷስ መቼ ጮኸች? የሚያበግነኝ ይኸው ነው። ዶክቶራዋ ሸክላ ውሃ እንዴት እንደሚያጣራ ታውቃለች፤ እኛ ዕቃ በድሃ ቤት እንዴት እንደሚታጠብ እናውቃለን። ቁጭ ብለን ብንነጋገር አንድ ሰዓት አይፈጅብንም ነበር። እሷ ውጤቷን ፈለገች፤ እኛ ስማችንን ፈለግን። መሐል ላይ የወደቀችው ልጅቱ ናት።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ የመደርደሪያውን ማጣሪያ አቧራ እጠርጋለሁ። በየማታው ሳጃና ስመለስ ልጅቱ ተኝታ አገኛታለሁ፤ መራመድ ትታለች። አንድ ሐሙስ ማጣሪያውን በልብስ ጠቅልዬ በፌስታል ይዤው ወጣሁ። ሳጃና እንደደረስኩ ሳሙና ያስጠጋችበትን እጇን እሰብራለሁ ብዬ ማልኩ፤ የሳቀ ሰው አልነበረም። ልጅቱ በማግስቱ ከእሱ ጠጣች።

ቅዳሜ ሥራ ስገባ ዶክቶራዋ ሳሎን ተቀምጣ ነበር።

"ሳጸዳ ማጣሪያው ወድቆ ተሰበረብኝ" አልኳት።

"ማዓሌሽ፣ ግድ የለም፣ ሸክላ አይደል" አለችና ወደ ስልኳ ተመለሰች።

እውነቱን ስነግራት ማስረጃ ጠይቃኝ ነበር። ውሸቱን ስነግራት ስብርባሪውን እንኳ አሳዪኝ አላለችም።