ለባሕር ማዶ የተሰፋ የክርስትና ልብስ

እኔ መርሳ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። የስፌት መኪናዬ አስፋልቱ ዳር በረንዳ ላይ ነው፤ የወልድያ ሚኒባስ «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» እያለ ግማሽ ሰዓት ከሚቆምበት ፊት ለፊት። ምላሰኛ ናት ይሉኛል። ይበሉ። በዚያ ሁሉ ጥሩምባ መሃል ዝም ያለች ሴት ማን ይሰማታል?

አስቀድሜ ልናገር፤ ይህን የምጽፈው ልኮራ ነው። ትሕትና የፈለገ ሌላ ሰው ያንብብ። የእኛ ደብር፣ የመርሳ ደብር፣ ባሕር ተሻግሮ ሰው አልብሷል። ይህ ትንሽ ነገር የሚመስለው ካለ፣ በጦርነቱ ማግስት መርሳ ምን እንደነበረች አያውቅም ማለት ነው። ያኔ በየቀበሌው ተሰልፈን ዱቄትና ዘይት ተቀብለናል። ስማችን ራሱ «ተረጂ» ሆኖ ነበር። «ተረጂዎች በዚህ በኩል!» ሲባል ደሜ ይፈላ ነበር፤ ዱቄቱን ግን ተቀብያለሁ፤ ልጆች ነበሩኛ! ስለዚህ ደብራችን በውጭ አገር ያለውን ስብከተ ወንጌልና በጎ አድራጎት ይርዳ ሲባል፣ የሰፈራችን ሰው «ለእኛ ይመጣልናል እንጂ ከእኛ ምን ይሄዳል?» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ነገሩን ያመጣው የደብራችን ልጅ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ተወልዶ፣ እዚሁ ዲቁና ተቀብሎ፣ ኋላ መንኩሶ፣ ቅስናም ተቀብሎ፣ ወደ አንድ የካሪቢያን ደሴት ለስብከት የተላከ መነኩሴ ነው። ፊት ለፊት «አባ» እለዋለሁ፣ መስቀሉንም እሳለማለሁ። እዚህ ግን «እሱ» ብለው ይቅር ይበለኝ፤ ሱሪ ሳያደርግ ሲሮጥ አይቼዋለሁ።

ያን ጊዜ እናቱን ሊጠይቅ ለጥቂት ሳምንታት መጥቶ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ቤት ተሰብስበን ስለ ደሴቲቱ አወራልን። ሙቀቱ የጎረቤታችንን የግራናን ያህል ነው፣ ማንጎውም እንደኛው ማንጎ ነው አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጧሪ ለሌላቸው አረጋውያን ምሳ ያበላሉ፤ የሚያበስሉትም ትናንት የተጠመቁት ራሳቸው ናቸው። ቄሱ ግን እሱ ብቻ ነው። ብዙ ሰዎች ትምህርታቸውን ጨርሰው ጥምቀት ይጠብቃሉ፤ እሱ እስኪመለስ። «ነጭ የክርስትና ልብስ ከአገሬ ሰው እጅ ባገኝላቸው ደስ ይለኝ ነበር» አለ።

ተናግሮ ሳይጨርስ ብድግ አልኩ። የጽዋ ማኅበራችን ሙሴ እኔ ነኝ፤ ማኅበርተኛውን የምሰበስበውም የምቆጣውም እኔ። «ልብሱ በእኛ!» አልኩ። ከወልድያ የመጡ እንግዶች ነበሩ፤ አንዷ በደግነት «ግማሹን እኛ እንስፋላችሁ» አለች። «ምነው እህቴ፣ የመርሳ ሴት መርፌ ጠፋባት?» አልኳት። ቤቱ በሳቅ ሞላ።

የመነኩሴው እናት ብቻ አልሳቁም። እኒህ ሴት ያላቸው እሱን አንድ ልጅ ነው። ሲመነኩስ «የልጅ ልጅ ቀረብኝ» ብለው አለቀሱና ዝም አሉ። ባሕር ማዶ ሲላክም ቻሉት። አሁን ግን ዕድሜያቸው ገፋ፣ ጉልበታቸው ደከመ፣ «በቃኝ» አሉ። በገዛ እጃቸው ፈትለው ያሸመኑት የመገነዣ ሸማ ሳጥናቸው ውስጥ ተቀምጧል። ምኞታቸው አንድ ነው፤ ሲሞቱ ልጃቸው ራሱ በዚያ ሸማ ገንዞ፣ ራሱ ፍትሐት አድርሶ እንዲቀብራቸው። «ሌላ ቄስ ይላኩ! እኔ ሌላ ልጅ የለኝም!» ይሉ ነበር ለሰማቸው ሁሉ። እሱ ደግሞ «ሳትመርቂኝ እግሬን አላነሣም» አላቸው። የሁላችንም ጭንቀት ይኸው ነበር። እናት ካልመረቁ እሱ አይሄድም፤ እሱ ካልሄደ እነዚያ ሰዎች እንደጠበቁ ይቀራሉ። የሚሄድበት ቀን ደግሞ ተቆርጧል።

እኛ መስፋታችንን ቀጠልን። ማኅበርተኛው በረንዳዬ ላይ ፈሰሰ። ሸማው ከሸማኔ እጅ የመጣ፣ ሲነኩት የሚለሰልስ ነው። እኔ እቆርጣለሁ፣ ሌላዋ ትዘመዝማለች፣ ሌላዋ ደረቱ ላይ መስቀል ትጠልፋለች። እናቱ በዚያ ሲያልፉ «እትዬ፣ እስቲ አንዲት ጠርዝ እንኳ ይያዙልን» አልኳቸው። «ልጄን የሚወስድብኝን ልብስ? አልነካም!» አሉና ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ወርውረው አለፉ። ያን ቀን ማንም ሊያግባባቸው አልደፈረም።

ከሱቄ ቀጥሎ ያሉት ጨርቅ ነጋዴ ሙስሊም ሽማግሌ ናቸው፤ ተረበኛ። በየቀኑ ብቅ ብለው ክምሩን ያዩና «ማሻአላህ! ዘንድሮ መርሳ በሙሉ ወለደች እንዴ?» ይሉናል። እኛም እንስቃለን። ንግግራቸውን ልብ ያለ አልነበረም።

ተሰፍቶ ሲያልቅ ለደብሩ ቄሶች አሳይተን አስባረክነውና እሑድ ሰንበቴ ቤት አመጣነው። አቤት ኩራቴ! ተተኩሶ፣ ታጥፎ፣ በነጭ ነጠላ ተሸፍኖ። መነኩሴው ነጠላውን ገልጦ አንዱን አነሣና ዘረጋው። ደረቱ ላይ ለካው፤ እምብርቱ ጋ እንኳ አልደረሰም። ሁለተኛውን አነሣ። ያው። «ምን ያህል ያምራል» አለ ቀስ ብሎ፣ «ለትልልቆቹስ?»

«ለየትኞቹ ትልልቆች?» አልኩ።

«የሚጠመቁት እኮ ዓሣ አጥማጆች ናቸው። አስተማሪ አለ። የአውቶቡስ ሾፌር አለ፤ ይህ በር የማያስገባው። ሁሉም አዋቂ ናቸው።»

አንዷ ማኅበርተኛ ከኋላ ፍርፍር ብላ ሳቀች፤ ቤቱ ተከተላት። ምን ይደረግ! በእኛ አገር ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀን ነው ክርስትና የሚነሣው። አዋቂ ሲጠመቅ ጭራሽ አይተን አናውቅም ማለቴ አይደለም። ግን «የክርስትና ልብስ» ሲባል እጃችን ሳይጠይቀን የሕፃን ለካ። «ቄሶቹም እኮ አይተው ባርከውታል!» ብዬ ጮህኩ። ቄሶቹ ወደ ጣራው ያያሉ። እኔን ያቃጠለኝ ሌላ ነው፤ ይህ ወሬ ከምሽቱ በፊት ወልድያ ይገባል።

እሱ ሊያጽናናን ብሎ ስለ ሰዎቹ አንድ በአንድ ይነግረን ጀመር፤ ማን ረጅም እንደሆነ፣ ማን ወፍራም። «አንዲት እናት አለች» አለ፣ «በእማዬ ዕድሜ። በባሕሩ ዳርቻ ዓሣ ጠብሳ ትሸጣለች። እሷም ረጅም ናት፤ ከሁሉ በፊት ተምራ የጨረሰች እሷ ናት።»

«ልጆች የላትም?» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። ዞር ብንል እናቱ ናቸው።

«ነበሯት እማዬ። ሥራ ብለው ሌላ አገር ሄዱ፤ ቀሩ። አይጠይቋትም።»

«የክርስትና እናቷስ ማን ናት?»

«እዚያ ሁሉም አዲስ ነው። የምትቆምላት ገና አላገኘንም።»

እናቱ ነጠላቸውን አጣፉና ወጡ። ተከፉ ብለን አሰብን።

በማግስቱ ፊቴን አጥቁሬ ሱቄን ስከፍት ጨርቅ ነጋዴው መጡ። «ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ? ሰው ሞተ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ወላሂ እኔማ ጠርጥሬ ነበር! ይህን ሁሉ ሕፃን ማን ወለደው እያልኩ!» ሳቃቸው ሲበርድ ወደ ውስጥ ገብተው አንድ ጥቅል አቡጀዲ ትከሻቸው ላይ ጭነው ተመለሱ። «ይህ ጨርቅ ከሱቄ የሚወጣው ለሞተ ሰው ነው» አሉ፤ «እስቲ አንዴ ለቆመ ሰው ይሂድ።» ዋጋ ሳነሣባቸው ተቆጡኝ። ወሎ እንዲህ ነው፤ ይህን ለወሎ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ያን ሳምንት በረንዳዬ ሠርግ ቤት መሰለ። ቁመቱን ከመነኩሴው እንጠይቃለን፣ ከዚያ የሚመጥን ሰው ከመንገድ እንይዛለን። የሐራ ሚኒባስ ሾፌር ረጅም ነው፤ ጎትቼ አቆምኩትና እጁን አዘርግቼ ለካሁት። ተሳፋሪው ከመኪናው ውስጥ «የክርስትና ስምህ ማን ተባለ?» እያለ ያሾፍበታል። እሱም አልከፋውም፤ ማታ ሲመለስ «ልብሴ አለቀ?» ብሎ አልፏል። የሕፃናቱ ልብስም አልባከነም። ደብራችን ውስጥ ተቀምጦ፣ ከመርሳም ከግራናም ልብስ መግዣ የቸገረው ሁሉ ልጁን በዚያ ክርስትና ያስነሣል፤ ስሙንም «የባሕር ማዶ» ብለውታል።

ጥቅሉ ሊያልቅ ሲል ቆጠርኩና ክው አልኩ። አንድ ልብስ ይጎድላል፤ የዚያች የዓሣ ሻጯ። ረጃጅሞቹ ጨርቁን በልተውት ኖሯል። ወደ ጨርቅ ነጋዴው እንዳልሄድ ነውር ሆነብኝ፤ ከሸማኔ እንዳላዝዝ ቀን የለም።

እንዲህ ስብሰለሰል እናቱ መጡ። በረንዳው ላይ ወጡና ከብብታቸው ጥቅልል አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። ፈትሉ ቀጭን፣ ድሩ የጠበቀ፣ ንጹሕ ሸማ ነው። አወቅሁት፤ መርሳ ውስጥ እንዲህ አድርጎ የሚፈትል ሌላ እጅ የለም።

«ቁረጪው» አሉኝ።

«እትዬ! ይህ እኮ...»

«ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ የፈተልኩት እኔ።»

«የመገነዣዎን?! በመድኃኔ ዓለም! እኔ አልቆርጥም!»

«ምን ያስጮህሻል? ዛሬ ልሞት ያሰብኩ መሰለሽ? ገና ስንት የምጨቃጨቀው ሰው አለኝ!» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ይህን ሁሉ ጊዜ ልጄን የሚወስዱብኝ ሰዎች እያልኩ ስረግማቸው ነበር። ለካ አንዷ እንደኔው ኖራለች፤ ልጅ ሄዶባት የቀረች። የክርስትና እናት የላትም አለ። እኔ አነሣታለሁ። እና ባዶ እጄን ላንሣት? ልብስ የሚያለብስ የክርስትና እናት አይደለም?»

ሜትሬን አነሣሁ። ቁመቷ ከእሳቸው ትንሽ ይበልጣል ተብሏልና፣ ለመለካት እሳቸውኑ አቆምኳቸው። «ቀና ይበሉ እትዬ» አልኳቸው። ቀና አሉ፤ እጃቸውን ዘረጉ። ሰው በሞተ ጊዜ የሚለብሰውን በቁሙ ስለካው እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። «ሸማውን አታርጥቢብኝ!» ብለው ገሠጹኝ። ቆረጥኩት። መስቀሉን የጠለፉት ራሳቸው ናቸው፤ እኔ መርፌውን ብቻ ከፈትሉ ጋር አቀበልኳቸው።

መነኩሴው ሲሰማ መጀመሪያ ፊቱ ተለዋወጠ። «እማዬ፣ የክርስትና እናት በአካል ቆማ መቀበል አለባት» አላቸው። «ሥርዓቱን አንተ ታውቃለህ» አሉት፤ «ቀድማ የተጠመቀች አንዷን ሴት አቁምልኝ። የኔን ስም ንገራት፤ ልብሱንም ማን እንደላከው ንገራት።» ራሱን ነቀነቀና ፈገግ አለ፤ ይመርቁት እንደሆነ ግን አልነገሩትም፤ እሱም ለመጠየቅ ፈራ።

የመሄጃው ቀን ጠዋት ደብሩ ሁሉ አስፋልቱ ላይ ወጣ። ወልድያዎቹም መጡ። ያቺን «ግማሹን እኛ እንስፋላችሁ» ያለችኝን ሴት ጠርቼ የእያንዳንዱን ልብስ ጠርዝ በጣቷ አስዳሰስኳት። «ወይ መርሳ!» አለች። ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ? በዱቄት ሰልፍ ላይ የቆመች እጅ ይህን ሰፍታ ስትልክ፣ ማንም እንዳሻው ይጥራን፣ ስማችን ተቀይሯል ብዬ አሰብኩ።

ሻንጣው ተጫነ። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሣ። መነኩሴው ግን ቆሟል። በመጨረሻ እናቱ እግር ላይ ወደቀና ጉልበታቸውን ሳመ። «ትመርቂኛለሽ?» አለ። የሚኒባሱ ጥሩምባ እንኳ ያን ጊዜ ዝም ብሎ ነበር።

እጃቸውን ራሱ ላይ ጫኑ። «እሾህ አይውጋህ፤ እንቅፋት አይምታህ። የላከህ ይቅደምልህ፤ እጅህ ያጠመቀውን ይባርክልህ» አሉ። «አሜን!» አልን በአንድ ድምፅ። እልልታው ቀለጠ። እሱ ተነሥቶ እንባውን እየጠረገ «አይዞሽ እማዬ፤ ፈቃድ ጠይቄ ቶሎ እመለስልሻለሁ» አላቸው።

እናቱ ፊታቸውን ቅጭም አደረጉ።

«ምን ብለህ ነው ቶሎ የምትመለሰው?» አሉት። «ልጄን ለማን ጥለህ?»