ሁለት ዓይነት ኢንሻአላህ

ለእረፍት ወደ ቤት ስመለስ ደብረ ሲና ላይ የደረብኩትን ሹራብ ሸዋ ሮቢት ሳልደርስ አወለቅኩት። ከከተማው እስከ ሰፈራችን በባጃጅ ሄድኩ። ቦርሳዬ ውስጥ የውል ሕግ ደብተሬ ነበር፤ በሦስት ቀለም አስምሬበታለሁ። የአንደኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ነኝ። ከሰፈራችን ሕግ በማጥናት የመጀመሪያዋ እኔ ስለሆንኩ አባቴ ደብተሬን ከመንካቱ በፊት እጁን በሽርጡ ይጠርጋል።

እናቴ በር ላይ ሳመችኝና "ነገር ተነስቷል" አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ወንዝ ዳር በመስኖ የሚለማ ትንሽ መሬት አለን። አባቴ ዘንድሮ ለታላቅ ወንድሜ ሊሰጠው አስቦ ነበር። ወንድሜ ማሾ ሊዘራበትና በምርቱ ጎጆ ሊወጣ ነው፤ ልጅቷም ታጭታለታለች። ከሁለት ወር በፊት ግን ጎረቤታችን መስጊድ በር ላይ አባቴን አግኝቶ "መሬቷን ለሽንኩርት በእኩል ስጠኝ፤ ዘሩም ጉልበቱም ከእኔ፣ ምርቱን እኩል እንካፈላለን" ብሎት ኖሯል። አባቴ "ኢንሻአላህ" አለው። ሌላ ቃል አልተነጋገሩም። ጎረቤታችን ቤቱ ገብቶ የሽንኩርት ችግኝ አፈላ። አባቴ ቤቱ ገብቶ ረሳው።

እኛ ሰፈር ለጎረቤት ፊት ለፊት እምቢ አይባልም። ኢንሻአላህ ግን ሁለት ዓይነት ነው፤ ቆሞ የሚባል አለ፣ እየተራመዱ የሚባል አለ። ልዩነቱን ልጅ ሆኜም አውቀው ነበር። አባቴ የትኛውን እንዳለ ግን አልጠየቅኩትም። ደብተሬ ውስጥ እንዲህ ያለ ጥያቄ የለም።

በማግስቱ ከአስር ሶላት በኋላ መስኖው ዳር ተሰበሰብን። ነገሩን የሚያዩት የውሃ አባቱ ነበሩ፤ የመስኖውን ተራ የሚያከፋፍሉ ሽማግሌ ናቸው። ዱዓ አደረጉና እግራቸውን ቦዩ ውስጥ ዘርግተው ተቀመጡ።

"ውሃው ነገ የዚህች መሬት ተራ ነው" አሉ። "ለሽንኩርት ልልቀቀው ለማሾ?"

"ኢንሻአላህ ብሎኛል" አለ ጎረቤታችን። "ችግኜ እኮ አለፈበት። ትንሽ ከቆየ ሚስቴን በቁመት ይበልጣታል።"

"እሷን ለመብለጥማ አንድ ሳምንት ይበቃዋል" አሉ የውሃ አባቱ። ሰው ሳቀ።

ወንድሜ አልሳቀም። መሬቱን ሁለት ጊዜ አርሶ ቦዩን ሁሉ አውጥቶ ጨርሷል። "ኢንሻአላህ እሺ ነው እንዴ?" አለ።

"ታዲያ እምቢ ነው?" አለው ጎረቤታችን።

የውሃ አባቱ ወደ እኔ ዞሩ። "እስቲ አንቺ ተማሪዋ፣ ሕጉ ምን ይላል?"

ተነስቼ ቆምኩ። መምህሬ ፊት የቆምኩ ያህል ነበር። ውል እንዲጸና የተዋዋዮቹ ችሎታ፣ ጉድለት የሌለው ስምምነት፣ የሚቻልና ሕጋዊ የሆነ ጉዳይ፣ ሕግ ባዘዘ ጊዜም ፎርም ያስፈልጋል አልኩ። "ጋሼ ያቀረቡት ሐሳብ ነው። ውል የሚሆነው ሌላው ወገን ሳያወላውል ሲቀበለው ነው። ዝምታ እንኳ መቀበል አይደለም።"

"ዝምታማ መቀበል ነው!" አሉ የውሃ አባቱ። "አንቺን ስንድርሽ ዝም ካልሽ ጨረስን አይደል?"

እንደገና ተሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ደስ እንዲላቸው።

"ኢንሻአላህስ?"

"በሕግ ዓይን የተቆረጠ ነገር አይደለም። ውል አልተደረገም።"

ወንድሜ በረዥሙ ተነፈሰ። ጎረቤታችን አንድ ጓል አንስቶ በጣቱ ይፈረፍር ጀመር። "እንግዲያ አባትሽ ምንም አላለኝም ማለት ነው?"

"በሕግ በኩል አዎ ጋሼ። ምንም አላለዎትም።"

እስከዚያ ድረስ አቀርቅሮ የነበረው አባቴ ቀና አለ። "ምንም አላለም አልሽ?"

"በሕግ በኩል ነው አባባ።"

"መስጊድ በር ላይ፣ የአላህን ስም ጠርቼ፣ ምንም አላልኩም?"

ያስመርኩበትን ገጽ በዓይነ ሕሊናዬ ገለጥኩ፤ ቀለሞቹ ብቻ ታዩኝ። ፀሐዩ ፊቴን ይመታኛል፣ እኔ ግን ሙቀቱ አይሰማኝም።

አባቴ ወደ ጎረቤታችን ዞረ። "ስነግርህ እየሄድኩ ነበር አይደል?"

"ቸኩለህ ነበር" አለ ጎረቤታችን ቀስ ብሎ።

"አልቸኮልኩም። እምቢ ማለት አፍሬ ልሸሽህ ብዬ ነው። በአላህ ስም ከሸሸሁ ጣጣው የእኔ ነው።" ከዚያ ለውሃ አባቱ "ለሽንኩርቱ ልቀቁለት" አላቸው።

ወንድሜ ዶማውን ትከሻው ላይ አድርጎ ሄደ። ሠርጉ ለከርሞ ተላለፈ ማለት ነው። ይህን አውቀው ነበር፤ ግን ምንም አልተሰማኝም። መልሴ ልክ መሆኑን ብቻ አስብ ነበር። ልክም ነበርኩ።

በማግስቱ ጠዋት ጎረቤታችን ወንድሜ ባወጣው ቦይ ላይ ሽንኩርት ተከለ። እናቴ "ሂጂ፣ አግዢ" ስላለችኝ ችግኝ አቀብለው ነበር። ወንድሜም መጣ። ማንም አልጠራውም። ቦዩ ተንዶ ውሃ ሲያባክን አይቶ ወርዶ ደፈነው።

አባቴ ሊያልፍ ሲል ወንድሜ ከጎነበሰበት ሳይቃና ጠየቀው። "ለከርሞስ ለእኔ ትሰጠኛለህ?"

አባቴ ቆመ። በሁለት እግሩ መሬቱን ረግጦ እስኪደላደል ድረስ ጠበቅን።

"አዎ" አለ። ቀጥሎም "ኢንሻአላህ" አለ።

አልተራመደም። ወንድሜ ቀና ብሎ የአባቴን እግር አየ፤ ከዚያ ዶማውን አነሳ። እኔ የሚቀጥለውን ችግኝ አቀበልኩ።