ትንፋሽ የዋጠው «አዎ»

ሌሊሴ ጠዋት ጠዋት ኮልፌ 18 ማዞሪያ አጠገብ ባለ ትምህርት ቤት ሕፃናትን ፊደል ታስቆጥራለች። ከሰዓት ዘነበወርቅ ወዳለው ቤቷ ስትገባ ድምፅዋ ሻክሮ፣ እግሯ አብጦ ነው። አረፍ ሳትል ኮምፒውተሯን ከፍታ ደግሞ ፈረንጆችን አማርኛ ታስተምራለች። አያቷ ድንቅነሽ፣ «ልጄ፣ አፍም እኮ ይደክመዋል» ይሏታል። «እሺ እማማ» ትላለች፤ እሺታዋ ግን ከከንፈር አያልፍም።

ከተማሪዎቿ ሁሉ ያደከመቻት ክላራ ናት። ክላራ ጀርመን አገር የምትኖር፣ የጎጃም ልጅ ያገባች ሴት ናት። ለፋሲካ ባሏ እናቱ ዘንድ ሊያመጣት ነው፤ አማቷ ደግሞ ከአማርኛ ሌላ አያውቁም። «ፊታቸው እንደ ዲዳ መቀመጥ አልፈልግም» ብላ ነው የጀመረችው። ትጉ ናት። ችግሯ፣ ልክ የሆነውን መልስ ትናገርና ወዲያው ታፈርሰዋለች።

አንድ ቀን ክላራ በኮምፒውተሩ ገና ብቅ ስትል ፊቷ ጥሩ አልነበረም።

«ሌሊሴ፣ የዛሬው የመጨረሻ ይሁን። አማርኛ ለእኔ አልሆነም።»

 ደክሞኝ በደንብ ሳላስተምራት ቀረሁ አለች ሌሊሴ በልቧ። ቢሆንም፣ «እሺ፣ ዛሬን ግን እንሥራ። አማትሽ ቤትሽ መጡ እንበል። ምን ትያቸዋለሽ?» ስትል ጠየቀቻት።

«ይቀመጡ» አለች ክላራ።

ሌሊሴ ቅንድቧን ሽቅብ ሰቅላ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገች።

ክላራ ተሸማቀቀች። «አይ፣ አይ! ተቀመጪ!»

«ኧረ በጌታ! አማትሽን ተቀመጪ? የመጀመሪያውን ለምን ቀየርሽው?»

«አንቺ ስለደነገጥሽ!»

«መቼ?»

«ሁልጊዜ! እኔ ስናገር ትደነግጫለሽ። አንዳንዴማ አስም ያለብሽ ይመስለኛል።»

ሌሊሴ መልስ ሳትሰጣት ድንቅነሽ ከጓዳ ብቅ አሉና፣ «የውጪውን በር ቆልፈሽዋል?» አሏት። ዞር ብላ ቅንድቧን አነሣች፤ ትንፋሿንም ሳበች። «ተባረኪ» ብለው ተመለሱ።

«ይኸው!» ክላራ ጮኸች። «አሁንም! አያትሽ ምን አደረጉሽ?»

 ሌሊሴ አፍ ከፈታች ጀምሮ የምትለው ነገር ሰው ያስደነግጣል ብላ አስባ አታውቅም።

«ክላራ፣ እሱ እኮ አዎ ማለት ነው። ጎሽ፣ ልክ ነሽ ማለት ነው።»

ክላራ ወደ ካሜራው ጠጋ አለች። «እና እስከ ዛሬ ጎሽ ስትዪኝ ነበር?»

«ስልሽ ነበር እንጂ!»

መጀመሪያ የሳቀችው ክላራ ናት። ሌሊሴም ሳቀች፤ በሳቋ መሀል እንባዋ መጣ። ደስታ ይሁን ድካም ለራሷም አልለየላት።

«ከአሁን ወዲያ አዎን በአፌ እልሻለሁ» አለች።

«እንዳታደርጊው! አማቴም እንዲህ ነው የሚሉት?»

«እሳቸውማ ሲያጫውቱሽ ውለው አዎ የምትለዋን ቃል አንዴም ላይጠሯት ይችላሉ።»

«እንግዲያው ለምጄው ልምጣ። ነገ ጊዜ አለሽ?»

የነገው ከሰዓት ሌሊሴ ከሳምንቱ ሁሉ ለእንቅልፍ ብላ ያስቀረችው ብቸኛ ጊዜ ነበር።

«አለኝ» አለች።

ኮምፒውተሩን ስትዘጋ ድንቅነሽ ሰምተው ኖሮ፣ «ነገስ ልትተኚ አልነበረም እንዴ?» አሏት።

«አልጋው የትም አይሄድም፣ እማማ።»

ጫማዋን ልትፈታ ጎንበስ አለች። እንደ ጎነበሰችም ትንሽ ቆየች።