ሳይባረክ የተቆረሰው ዳቦ

የተለበለበ የጉሎ ቅጠል ሽታ ባፍንጫዬ ሽው ባለ ቁጥር፣ የትም ልሁን የት፣ ሰቆጣ ያለው የድንጋይ ቤታችን ፊቴ ላይ ድቅን ይላል። ባለፈው ሰሞን እዚህ ባሕር ዳር ከጎረቤቴ ግቢ የወጣው ያ ሽታ ደጄ ላይ አስቁሞኝ፣ የቤቱን ቁልፍ በእጄ እንደያዝሁ ብዙ ቆየሁ። እናቴ ለሚካኤል ዝክር ሊጡን ከላይም ከታችም በጉሎ ቅጠል ሸፍና ዳቦ ስትጋግር፣ ቅጠሉ እያረረ ጢሱ ዓይናችንን ያቃጥለን ነበር፤ እኛ ግን እያሳለንም ቢሆን ከምድጃው አንርቅም ነበር።

አባቴ ቄስ ነበሩ፤ እናቴ ደግሞ ከሰቆጣ በታች ካለው ከዝቋላ ቆላ የመጣች፣ አፏን በአካባቢው ቋንቋ በኽምጥኛ የፈታች ሴት ነበረች። አማርኛን ለእንግዳ፣ ኽምጥኛን ለቁጣና ለጸሎት ታውለው ስለነበር፣ ከጓዳ ኽምጥኛ ስንሰማ ወይ እግዜር ወይ ከእኛ አንዳችን እየተጠራን እንደሆነ እናውቅ ነበር። እናታችንን አንቺ፣ አባታችንን እርስዎ እያልን ያደግን ሁለት ልጆች ነበርን፤ እኔና ታላቅ ወንድሜ ኪሮስ። እሱ አሥራ አንደኛ ክፍል ሲደርስ እኔ ገና አራተኛ ነበርሁ፣ እሱ ያለበት ቦታ ሁሉ እኔም አልጠፋም ነበር።

ክረምት ሲገባ፣ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ ኪሮስ ከትምህርት ቤት የተዋሰውን የእንግሊዝኛ የታሪክ መጽሐፍ ይዞ ከአባቴ መደብ አጠገብ ይቀመጥና ወደ አማርኛ እየመለሰ ያነብላቸው ነበር። አባቴ የሩቅ አገር ወሬ ነፍሳቸው ነበር፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ፤ ተኙ ብለን ስንጠቃቀስ «ቀጥል እንጂ!» ይላሉ። ስለ ነገሥታቱ ጦርነት አነበበላቸው፣ ስለ መርከበኞቹ አነበበላቸው፤ በፍልሰታ ጾም ሰሞን ደግሞ ሉቤክ የምትባል የጀርመን ከተማ የሉተርን እምነት እንዴት እንደተቀበለች ወደሚተርከው ምዕራፍ ደረሰ።

ከተማዋ በጨው ንግድ የከበረች ነበረች። «እንግዲያማ የእኛው አገር ናት!» አለች እናቴ ከጓዳ፤ ሰቆጣ የጨው ገበያ የነበረችበትን ዘመን አያቷ ሲያወሩ ሰምታ ነበርና። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ እኔም ሉቤክን ከሰቆጣ መለየት አቃተኝ፤ ነጋዴዎቿ አሞሌ የጫኑ ግመሎች ሲነዱ፣ የምክር ቤቷ ሹማምንት በቀበሌያችን ጽሕፈት ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ሲያንጎላጁ ይታዩኝ ነበር። ኪሮስ እንዳነበበልን፣ አንድ እሑድ ካህኑ ስብከታቸውን ጨርሰው ለሙታን ጸሎት ሊያደርሱ ሲሉ፣ ሕዝቡ ማንም የማይሰማውን ላቲን ትቶ መዝሙረ ዳዊትን በራሱ በጀርመንኛ ያዜም ጀመር፤ ዜማውም ከአንዱ ቤተ ክርስቲያን ወደ ሌላው እየተዛመተ ሄዶ፣ በመጨረሻ ሹማምንቱ ያባረሯቸውን ሰባኪዎች መልሰው ጠሩ፣ ከተማዋም የሉተር ሆነች።

እናቴ እጇ ሊጥ እንደነካ ብቅ ብላ «በገዛ አፋቸው?» ብላ ጠየቀች።

«አዎ እናቴ፣ በገዛ አፋቸው» አላት ኪሮስ ከመጽሐፉ ቀና ብሎ።

አባቴ ዓይናቸውን ገለጡና መጽሐፉን ሳይሆን ልጃቸውን ረጅም ጊዜ ተመለከቱ። «በዚያች ከተማ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ልጅ ተቀብሎ አባት ያልተቀበለበት ቤት አይጠፋም። እነዚያስ በማግስቱ እንዴት አብረው በሉ?»

ኪሮስ ገጹን ወደፊት ገለጠ፣ ወደ ኋላም መለሰ። «አልጻፉትም፣ አባዬ» አለ።

«ዋናውን ነገር ትተውታላ» አሉና ጋቢያቸውን ተከናነቡ።

እኔ ምንም አልገባኝም ነበር። መስከረም ጠብቶ ሜዳው ሲያብብ ነው ነገሩ የወጣው፤ ኪሮስ ከክረምቱ በፊት ጀምሮ ጴንጤዎች ወደሚጸልዩበት ቤት ይሄድ ኖሯል፣ ያንንም ምዕራፍ ሆን ብሎ መርጦ ነበር ያነበበው። አባቴ አልጮኹም፤ ቢጮኹ ይሻለን ነበር። በጥቅምት ሚካኤል እናቴ ዳቦውን ስታቀርብ ኪሮስ «ለመልአክ የተዘከረ ጸበል ጸዲቅ አልበላም» ብሎ ተነሥቶ፣ ጓዳ ገብቶ ብቻውን ቆሎ ቆረጠመ። እስከዚያ ቀን ድረስ አራታችንም ከአንድ ገበታ እንቆርስ ነበርና፣ ከጓዳ የቆሎው ድምፅ ሲሰማኝ ቁራሼን ገበታው ላይ ተውሁት፤ እናቴም በዚያ ቀን በኽምጥኛ ብዙ ተናገረች፤ እግዜርን ይሁን ልጇን አልለየሁም።

ወሬው ሰቆጣን ለማዳረስ ጊዜ አልወሰደበትም። ከአባቴ ጋር የሚቀድሱት ቄሶችም አንድ ቀን ቤታችን ድረስ መጥተው «ልጅህን ወይ መልሰው፣ ወይ አውጣው፤ የቄስ ቤት ለሁለት አይከፈልም» አሏቸው። ኪሮስ ይህን ከጓዳ ሰምቶ ልብሱን በአንሶላ ጠቀለለ፤ «የኅዳር ሚካኤል ካለፈ በኋላ ጓደኛዬ ቤት እገባለሁ፣ ለእናታችን እንዳትነግሪያት» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ከትምህርት ቤት ስመለስ መጀመሪያ የማየው ያ ጥቅል አንሶላ ከቦታው መኖሩን ነበር፤ ሲኖር እፎይ እላለሁ፣ ደግሞም እጠላው ነበር።

የኅዳር ሚካኤል ደረሰ። ገብሱ ታጭዶ፣ አውድማው ሞልቶ፣ ቤታችንም እንደ አውድማው በሰው ሞላ፤ ቄሶቹ መደቡ ላይ፣ የሚካኤል ማኅበር ሰዎች ዙሪያውን ተቀመጡ። ኪሮስ ጓዳ ጥቅሉ ላይ ተቀምጧል። እናቴ ዳቦውን ተሸክማ መጥታ መሐል ላይ ስታኖረው ሁላችንም ለጸሎት ተነሣን። አባቴ ግን መስቀላቸውን ትተው ቢላዋ አነሡና፣ ገና ምንም ሳይሉ፣ ከዳቦው ዳር አንድ ደህና ቁራሽ ቆረሱ።

በዕድሜ የሚበልጡት ቄስ «ምነው፣ ሳይባረክ?» አሉ።

«ከተባረከ አይበላልኝም» አሉ አባቴ። «በዓመት በዓል ደግሞ ልጄ በቤቴ ጦሙን አይውልም።» ቁራሹን ለእናቴ ሰጥተዋት፣ መስቀላቸውን አንሥተው፣ በሰላ ድምፃቸው ጸሎቱን ጀመሩ። ሽማግሌው ቄስም አብረዋቸው አደረሱ።

እኔ ጸሎቱን ትቼ እናቴን ወደ ጓዳ ተከትያት ነበር። ኪሮስ ቁራሹን በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ ዕንባው እየወረደ፣ እዚያው ጥቅሉ ላይ እንደተቀመጠ በላው፤ እኛም ከጓዳው መጋረጃ ወዲህ ከዚያው ዳቦ በላን። እንግዳው ሲበተን ጓዳ ገብቼ አየሁ፤ አንሶላው ተፈትቶ አልጋው ላይ ተነጥፎ ነበር።

ከዚያ በኋላ ኪሮስ ትምህርቱን ጨርሶ እስኪሄድ ድረስ፣ የዝክር ዳቦአችን በየወሩ ለቡራኬ የሚቀርበው አንድ ጎኑ ተቆርሶ ነበር። የሰፈሩ ልጆች «ጎደሎ ዳቦዎች» የሚል ስም አወጡልን፤ አባቴ ሲሰሙ ከት ብለው ሳቁና «ኪሮስ፣ ለነዚያ ለጀርመኖቹ ጻፍላቸውማ፤ እንዲህ ነው የሚበላው በላቸው!» አሉት። በእምነቱ አልተስማሙም፤ እስከ መጨረሻው ተከራክረዋል፣ አንዳንዴም ተኮራርፈው አድረዋል። ቁራሹ ግን አንድም ወር አልቀረበትም።

ዛሬ አባቴም እናቴም በደብራቸው ቅጥር ግቢ አርፈዋል፤ ኪሮስ ሐዋሳ ሰባኪ ሆኗል፣ በበዓል በበዓል በስልክ እንገናኛለን። በእኔ ቤት ሁላችንም አንድ እምነት ነን፣ ክርክር የለም፣ ማንም ከማዕድ ተነሥቶ አይሄድም። ዳቦውን በኤሌክትሪክ እጋግረዋለሁ፤ ክብ ሆኖ፣ ቀልቶ ሲወጣ እንግዳው ሁሉ ያደንቅልኛል። እኔ ግን ያ ጎኑ የጎደለ ዳቦ ይናፍቀኛል፤ የአባቴ ቢላዋ፣ ከመጋረጃው ወዲያ ሲበላ የሚሰማው ወንድሜ ይናፍቀኛል። ባለፈው ኅዳር የንስሐ አባታችን ለጸሎት ሲነሡ፣ ሳላስበው ቢላዋውን አንሥቼ ከዳቦው ዳር አሳረፍሁት። ልጄ «እማዬ! ገና አልተባረከም እኮ» ብላ እጄን ያዘችኝ።

ቢላዋውን መልሼ አኖርሁት። ዳቦው ሙሉውን ተባረከ፣ ሙሉውንም በላነው።