ያልተመዘነው ጉርሻ

እህል ነጋዴ ነኝ። አርሲ ነገሌ ወርጄ ስንዴና ገብስ እገዛለሁ፤ አዳማ አምጥቼ በጅምላም በችርቻሮም እሸጣለሁ። ጆንያ ውስጥ እጄን ሰድጄ አንድ እፍኝ ካወጣሁ እርጥበቱንም፣ ነቀዙንም፣ የባለቤቱንም ጠባይ እናገራለሁ። ስለ ሚዛን እኔን የሚያስተምረኝ ሰው አልተወለደም እል ነበር። አሁንም እላለሁ፣ ድምፄን ትንሽ ቀነስ አድርጌ።

ስለዚህ አዲስ አበባ ሆስፒታል አንዲት ወጣት ሐኪም ሚዛን ላይ አውጥታኝ፣ ቁጥሩን አይታ ራሷን ስትነቀንቅ ደስ አላለኝም።

“ደምዎ ከወንድምዎ ደም ጋር ይስማማል። ኩላሊትዎም ጤነኛ ነው” አለችኝ። “ግን በዚህ ክብደት ቀዶ ሕክምናውን ማድረግ አንችልም፤ ለእርስዎ አደጋ አለው። ቢያንስ አሥራ አምስት ኪሎ ይቀንሱና ተመልሰው ይምጡ።”

ታናሽ ወንድሜ ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ ካቆሙ ዓመት አልፎታል። በሳምንት ሦስት ቀን ማሽን አጠገብ ተኝቶ ደሙ ይታጠባል። እናትና አባታችን አርፈዋል፤ ከእኔ ሌላ እህትም ወንድምም የለውም። አንዱን ኩላሊቴን የምሰጠው እኔ ነኝ፤ ነገሩ ግልጽ ነበር። እኔ ካልከሳሁ እሱ አይድንም።

“አሥራ አምስት ኪሎ ብቻ?” አልኳት። “እኔ እኮ ኩንታል ከመኪና አውርጄ የማውቅ ሴት ነኝ። አይዞሽ ልጄ፣ አራግፌው እመጣለሁ።”

ሳቀች። ከዚያ ረጋ ብላ አስረዳችኝ። በምግብ የማስገባው ካሎሪ በእንቅስቃሴ ከማወጣው ማነስ አለበት፤ ሲያንስ ሰውነት ካከማቸው ላይ መጠቀም ይጀምራል። በስፖርት ብቻ አይሆንም፣ በረሃብ ብቻም አይሆንም፣ ሁለቱን ማስማማት ነው። ገቢና ወጪ ማለት አይደለም እንዴ? ይኼን ለነጋዴ መንገር ምን ያደርጋል ብዬ በሆዴ ሳቅሁባት።

በማግስቱ ገና ሊነጋጋ ሲል ተነሳሁ። አዳማ ላይ ዘግይቶ የሚወጣ ሰው ፀሐዩና አቧራው አብረው ያባርሩታል። ስኒከር አድርጌ፣ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ፣ ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ ወርጄ ዳገቱን እያለከለክሁ ተመለስኩ። ባጃጆቹ ግን አላስቀመጡኝም። በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ወዳ በእግሯ ትሄዳለች ብሎ የሚያምን ባለ ባጃጅ በከተማው የለም።

“ማዘር፣ ግቢ! ሂሳብ አልልሽም!” ይለኛል አንዱ በየቀኑ ማለት ይቻላል፣ አጠገቤ እያዘገመ።

“ሂድልኝ! ይቺን ወፍራም ሴትዮ መንገድ ላይ ጥያት ልመለስ ነው የምሄደው፣ አንተ ከጫንካት መልሰህ ታመጣብኛለህ!” እለዋለሁ።

እሁድ እሁድ ደግሞ ከሰፈር ሰዎች ጋር አደባባይ ላይ ስፖርት እንሠራለን። ሙዚቃ ተከፍቶ፣ እጅ ወደ ላይ፣ ጉልበት ወደ ላይ፣ ላብ በላብ እንሆናለን። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ስፖርቱ ሲያልቅ ሁላችንም ተግተልትለን ቁርስ ቤት እንገባለን። ጨጨብሳ በቅቤና በማር ይመጣል፣ ላዩ ላይ ስፕሪስ ጁስ ይደረብበታል። “ሠርተንበታል እኮ!” እንባባላለን። ወሩ ሲያልቅ መጋዘኔን ዘግቼ የኩንታል ሚዛኔ ላይ ወጣሁ። አንድ ኪሎ ጨምሬያለሁ።

በጣም ተናደድኩ፤ የተናደድኩት በሚዛኑ ነበር። ጆንያ አውጥቼ ፈተንኩት። ሚዛኑ ልክ ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጨጨብሳና ጁስ ቀሩ። እንጀራዬን ግማሽ አደረግሁ፣ ወጡ ላይ ዘይት ቀነስኩ፣ ሻይ ያለ ስኳር መጠጣት ለመድኩ። ከባዱ አርሲ ነገሌ ነበር። ገብስ የሚሸጥልኝ ገበሬ ሚስት ጭኮ ሳታቀርብልኝ ዋጋ አይነገርም። የተቆላ የገብስ ዱቄት በቅቤ ታሽቶ፣ ቅቤው እጅ ላይ እየወረደ! “ኛዱ! ብይ እንጂ፣ ምን ሆነሽ ነው?” ትለኛለች ሴትየዋ። እዚያ ቤት ጭኮ አልበላም ማለት እህላችሁን ናቅሁት ከማለት አይተናነስም። የወንድሜን ነገር ነገርኳት። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ጭኮውን ከፊቴ አነሳችና በላስቲክ ጠቅልላ “እንግዲያው ለመንገድ” ብላ አስያዘችኝ። ለጫኞቹ ሰጠኋቸው። ስንመለስ ቡልቡላ ላይ ሾፌሩ ምሳ ሲበላ እኔ አስፋልቱ ዳር ወዲያ ወዲህ እል ነበር፤ መኪናችን የተበላሸ የመሰላቸው ሰዎች ለእርዳታ መጡ።

መቀነስ ጀመርኩ። ሰባት ኪሎ ሄደ። ቀሚሴ ሲሰፋ ጎረቤቶቼ ደግሞ ደነገጡ። ስወፍር “ተስማምቶሻል” ሲሉኝ የኖሩ ሰዎች አሁን “ምነው፣ ደህና አይደለሽም እንዴ?” እያሉ ከንፈር ይመጡልኝ ጀመር። እኔ ግን ኮራሁ። በዚህ አያያዜ ከክረምት በፊት አዲስ አበባ እገባለሁ ብዬ ለወንድሜ ቃል ገባሁለት።

ከዚያ ሚዛኑ ቆመ።

አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ምንም። መንገዴን አረዘምኩ፣ ጉልበቴ አበጠ። እራቴን ቀነስኩ፣ መጋዘን ውስጥ ራሴን አዞረኝ። ሚዛኑ እዚያው ነው። በዚህ መሀል ወንድሜ እያየሁት ይመነምናል። ከእጥበት ሲመለስ ከባጃጅ የሚያወርደው ሰው ይፈልግ ጀመር። ፈራሁ። በሕይወቴ ብዙ ነገር ፈርቼ አላውቅም፤ ያኔ ግን ጠዋት ስራመድ እያለቀስኩ የምራመድባቸው ቀናት ነበሩ።

ማታ ማታ አንድ ትሪ ላይ ነው የምንበላው። የሚኖረው እኔው ግቢ ነው፤ ለታመመ ሰው ለብቻው ሳህን ማቅረብ ደግሞ በእኛ ቤት አግልዬሃለሁ ማለት ነው። ጨው የሌለበት ሥጋና እንቁላል በእሱ በኩል አደርጋለሁ፣ ምክንያቱም እጥበቱ አቅም ስለሚያሳጣ እነዚህን በደንብ ይብላ ተብሏል። በእኔ በኩል ግማሽ እንጀራዬንና ጎመኔን አኖራለሁ። የራሴን በልቼ እጄን እሰበስባለሁ። በእኔ ግምት ከዚያ ያለፈ ነገር ወደ አፌ አይገባም።

ነገሩ የተገለጠልኝ ሱቅ ውስጥ ነው። የምታግዘኝ ሴት ገብስ እየሸጠች ነበር። በእኛ ገበያ ከተመዘነ በኋላ ምርቃት አለ፤ ሻጭ አንድ እፍኝ ዘግኖ በነፃ ይጨምራል፣ ገዢም ይመርቃል። እሷ እጇ ሰፊ ነው፤ ለአንዱ ሁለት እፍኝ፣ ለሌላዋ ሦስት። ጆንያው ከመዘነችው በላይ ጎድሎ አገኘሁትና ጮህኩባት።

“ሁሉንም መዝኜ ነው የሸጥኩት እኮ!” አለች።

“ምርቃቱንስ መዘንሽው? ከሌላ ጆንያ የመጣ መሰለሽ? ያልተመዘነ ማለት ያልወጣ ማለት ነው እን…”

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረስኩትም። እዚያው ጆንያው ላይ ቁጭ አልኩ።

ጉርሻው! እራት ላይ ወንድሜ አንድ ለራሱ ሲጎርስ ሦስት ለእኔ ይጠቀልላል። “እንቺ እታለም፣ በሞቴ፣ ይቺን ብቻ!” ይለኛል። በሞቴ ከጤነኛ ሰው አፍ ሲወጣ ልማድ ነው፤ ከእሱ አፍ ሲወጣ ግን እንዴት ብዬ አፌን ልዝጋ? እከፍታለሁ። “አንቺ ስትበዪ እኔ እጠግባለሁ” ይላል። ጉርሻ ደግሞ ፍቅር እንጂ ምግብ ነው ብሎ ማን ይቆጥራል? የሚጠቀልለው ከእሱ በኩል ካለው ሥጋና እንቁላል ነበር። እየከሳ ያለው እሱ፣ አልከሳ ያልኩት እኔ፣ ትሪው አንድ። በማግስቱ እጥበት ቤት ሄጄ ነርሷን ጠየቅኳት። ከእጥበት በፊትና በኋላ ይመዝኑታል። “ውኃው ብቻ አይደለም የቀነሰው፣ ሥጋውም እየሄደ ነው። ይበላል?” አለችኝ።

የዚያን ዕለት እራት ቀረበ። እንደ ልማዱ ጠቅልሎ ዘረጋልኝ። የእጁን አንጓ ያዝኩት።

“ዛሬ አልጎርስም።”

ሳቀ። “በሞቴ፣ ይቺን ብቻ!”

“በሞቴ አትበለኝ! ጠዋት ጠዋት አቧራ የምቅመው እንዳትሞት ነው፣ ገባህ? አንተ ማታ ማታ ያንን መልሰህ አፌ ውስጥ ትከታለህ! ሥጋህን እኔ እየበላሁት ነው!”

ጉርሻውን ትሪው ላይ መልሶ አስቀመጠው። እጁን ታጥቦ ወደ ክፍሉ ገባ። በማግስቱ ሁለት ሳህን አቀረብኩ። ሳህኖቹን ተራ በተራ አየ።

“ተለያየን ማለት ነው?” አለ።

“ለጊዜው።”

“እታለም፣ እኔ ሌላ ምን የምሰጥሽ ነገር አለኝ? ሥራ የለኝ፣ ጉልበት የለኝ። አንቺ ከሰውነትሽ ቆርሰሽ ልትሰጪኝ ነው። እኔ ጉርሻ ብሰጥሽ ምናለበት?”

አለቀስኩ፤ መደበቅም አልሞከርኩ። ልጆች ሳለን ወንጂ፣ የሸንኮራ ሠራተኞች መንደር ውስጥ፣ እናታችን ማሳ ስትውል የማበላው እኔ ነበርኩ። ያለ እኔ እጅ አይበላም፤ አፉን ዘግቶ ያስቸግረኝ ነበር። ያኔም ያስፈራኝ የነበረው የሳህኑ አለመጉደል ነው።

“የምትሰጠኝ ነገር አለ” አልኩት ፊቴን እየጠረግሁ። “ሳህንህን ባዶ አድርገህ አሳየኝ። ለእኔ የምትጠቀልለውን ሁሉ ራስህ ጉረሰው። እኔ በእሱ ነው የምጠግበው።”

መጀመሪያ ሰሞን በሥጋ ደዌ እንደተገለለ ሰው ተኮራምቶ ነበር የሚበላው። ጠቅልሎ እጁ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል፣ እኔን ያየኛል፣ እኔ ቅንድቤን አነሳለሁ፣ ወደ ራሱ አፍ ይመልሳል። በኋላ ጨዋታ አደረገው። ባዶ ሳህኑን ዘቅዝቆ ያሳየኝ ጀመር፣ ልክ እንደ ልጅነቱ። በደህና ቀኑ ደግሞ እስከ ግቢያችን መታጠፊያ አብሮኝ ይራመዳል፤ እሱ ይመለሳል፣ እኔ ወደ ወንጂ መንገድ እቀጥላለሁ። ነርሷ ሥጋው መመለስ ጀምሯል አለችኝ። የእኔም ሚዛን መውረድ ጀመረ፤ ጉልበቴ እስኪያብጥ ሳልሄድ፣ ራሴን እስኪያዞረኝ ሳልራብ። ያቺ ሐኪም ሁለቱን ማስማማት ያለችው ይኼንን ነበር። ልክ ነበረች፣ ፊት ለፊት ግን አልነገርኳትም።

ክረምቱ ገብቶ እንደገና ሚዛኗ ላይ ስወጣ ጫማዬን እንኳ አላወለቅሁም። ቁጥሩን አይታ ቀና አለች።

“አሥራ ስድስት!” አለችኝ።

“አንዷ ምርቃት ናት” አልኳት።

የቀዶ ሕክምናው ቀን እሱን በአንድ በር፣ እኔን በሌላ በር አስገቡን። ስነቃ ጎኔ እሳት ሆኖብኛል፣ አፌ ደርቋል፣ የት እንዳለሁ ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ። ከዚያ ትዝ አለኝና መጠየቅ ፈራሁ። መሸት ሲል አንዲት ነርስ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ገባች።

“ወንድምዎ ነቅቷል። ኩላሊቱ ሥራ ጀምሯል፣ ሽንት እየመጣ ነው” አለችኝ። ከዚያ ሳቅ አመለጣት። “እንደነቃ መጀመሪያ የጠየቀን ምን እንደሆነ ያውቃሉ? ‘እታለም በልታለች?’ ነው ያለን።”

ልስቅ ስል ስፌቱ ያዘኝ፤ እንባዬ በጆሮዬ በኩል ወረደ። ከትናንት ጀምሮ ውኃ እንኳ አልቀመስኩም ነበር።

“በልታለች በይልኝ” አልኳት። “አሁን ተራው የአንተ ነው ብላለች በይው።”