አባቴ እንዳይተኛ የጠበቅሁበት ቀን

የባለቤቴን የኦፕራሲዮን ቁስል የሸፈነውን ፋሻ ስፈታ የአልኮሉ ሽታ ዓለም ከተማ ወደነበረው የልጅነት ቤታችን መለሰኝ። ያኔ ገና ትንሽ ልጅ ነበርኩ። ጨርቅ ነጋዴው አባቴ አዲስ አበባ ሄዶ የአንገቱን እንቅርት በኦፕራሲዮን አስወጥቶ ተመልሷል። ቁስሉ ቶሎ ጠገገ፤ እሱ ግን እንቅልፍ አጣ። ሱቁ ተዘጋ። በር በተንኳኳ ቁጥር ይደነግጥ ነበር።

አንድ ቀን ከዙሁር ሶላት በኋላ እናቴ ገበያ ስትወጣ፣ "ሸለብ ካደረገው እንዳትነኪው" አለችኝ። ገና ከበሩ ሳትርቅ አባቴ አጠገቡ አስቀመጠኝና፣ "ዓይኔ ሲከደን ካየሽ ቀስቅሺኝ" አለ።

"ለምን አባዬ?"

"እዚያ ሆስፒታል በመርፌ አስተኙኝ። ከዚያ ወዲህ የነቃሁ አይመስለኝም።"

ነገሩ አልገባኝም፤ ቁጭ ብሎ እያወራኝ ነበርና። ግን የእሱን ቃል መረጥኩ። ዓይኑ በተከደነ ቁጥር ትከሻውን ነቀነቅኩት። በመጨረሻ ብርግግ ብሎ ተነሳ፤ አንገቱን በሁለት እጁ ይዞ ትክ ብሎ አየኝ።

"አንቺ የማን ልጅ ነሽ?" አለኝ።

እናቴ ስትመለስ በሩ ላይ ቆሜ ሳለቅስ አገኘችኝ። አባቴ ከወራት በኋላ ሱቁን ከፈተ፤ ጋደም ብሎ ሲተኛ ግን እስኪሞት ድረስ አላየሁትም። ግድግዳ ተደግፎ ነበር የሚያንቀላፋው።

አዲሱን ፋሻ አስሬ ስጨርስ ባለቤቴን፣ "እንቅልፍስ እንዴት ነው?" አልኩት።

"ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ" አለኝ፤ ዓይኑ ደም መስሏል። አባቴም ለጠያቂ ሁሉ የሚመልሰው ይህንኑ ነበር።