በአንደኛ ዙር የሚወሰደው ልጅ

ድራፍት የሚባለውን ቃል እኔ የማውቀው በቢራ ነው። አገር ቤት ድራፍት ማለት በብርጭቆ የሚቀዳ ቢራ ነው፣ ሌላ ትርጉም አልነበረውም። ስለዚህ ልጄ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ «ድራፍቱ እኮ ደረሰ» ሲል ስሰማ፣ መጠጥ ጀመረ ብዬ ነበር የፈራሁት። ሲገባ ሲወጣ ጠጋ እያልኩ አፉን አሸትት ነበር። ማስቲካ ብቻ ነው የሚሸተው።

ጭንቀቴን አብራኝ ለምትሠራ ሴት ነገርኳት። ግሬፕቫይን በሚባል ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ ክፍል እናጸዳለን። ከኔ ቀድማ የመጣች ናት፣ ትንሽም ተምራለች። አንሶላውን በወዲያኛው ጫፍ እንደያዘች «ኧረ ቢራ አይደለም» አለችኝ። «እዚህ አገር ድራፍት ማለት ወንዶቹን ለጦር የሚጠሩበት ነው። አስራ ስምንት ሲሞላው ተመዝግቦ የለ? ጦርነት ከመጣ በዚያ ነው የሚወስዷቸው።»

ተመዝግቧል። ራሱ ነው «ግዴታ ነው እማ» ብሎ የነገረኝ። ቴሌቪዥኑ ደግሞ በዚያ ሰሞን ከጦርነት ሌላ ወሬ አልነበረውም። አንሶላውን እንዴት አድርጌ እንዳነጠፍኩት አላውቅም።

ልጄ አንድ ነው። እኔ ልጅ ሳለሁ ወንድሜን በብሔራዊ ውትድርና ወስደውብናል። ያኔ የሚወስዱት በዙር ነበር፤ አንደኛ ዙር፣ ሁለተኛ ዙር እየተባለ። ወንድሜ የሄደበትን ዙር እናቴ እንደ ሙት ዓመት ነበር የምትጠራው። አልተመለሰም።

ቅዳሜ ከሰዓት የልጄ ጓደኞች ቤት መጡ። ቪከሪ ሜዶ የሚባል ሰፈር ያለችው አፓርታማችን ጠባብ ናት፣ ኩሽናና ሳሎኑን የሚለየው ግማሽ ግድግዳ ነው። እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ ሁሉም ይሰማኛል። አንዱ የታችኛዋ ጎረቤቴ ልጅ ነው። እነሱ ከአዲስ አበባ ከመጡ ገና ነው፣ እንግሊዝኛው ስላልጠነከረ ለሱ ሲሉ በአማርኛ ይከራከራሉ። ሌላው እዚሁ የተወለደ ነው፣ አማርኛው ይሰባበራል።

«ኦኬ፣ እኛ ከፊት የሚቆም ሰው ነው የሚያስፈልገን» አለ ልጄ። «ባለፈው ዓመት ከፊት የቆሙት ሁሉ ተሰባብረው አለቁ።»

«እኔ ግን ፈጣኑን ነው የሚፈልገው» አለ እዚህ የተወለደው።

«የምፈልገው በል መጀመሪያ፣ ከዚያ ትከራከራለህ» አለው የጎረቤቴ ልጅ፣ ተሳሳቁ። «ማለቴ፣ ትልቁን ልጅ እንውሰድ። ጉልበቱን አሞት ነበር ይላሉ እንጂ ሜዲካሉን ካለፈ በአንደኛ ዙር ነው የሚወሰደው። ካልቀደምን ሌሎቹ ይወስዱታል።»

ቢላዋው እጄ ላይ ቆመ። አንደኛ ዙር። እዚህም በዙር ነው ማለት ነው።

ከዚያ የጎረቤቴ ልጅ የኔን ልጅ ትከሻ መታ አድርጎ፣ «አንተን ይሄን በሬ ቢያዩህማ አንደኛ ዙር ነበርክ» አለው።

እንዴት ከኩሽና እንደወጣሁ አላስታውስም። የጎረቤቴ ልጅ እግር ሥር ወድቄ ጉልበቱን ይዤዋለሁ፣ እጄ ሽንኩርት በሽንኩርት ሆኖ። «እባክህ የኔ ልጅ» አልኩት፣ «እሱን አትስጡብኝ። እኔ ያለኝ እሱ ብቻ ነው። እናትህ ሦስት አላት። ከናንተ አንዱ ይሂድ።»

«እማ» አለ ልጄ። «እማ፣ ኳስ ነው።»

«የምን ኳስ? ኳሱ ካለቀ ስንት ጊዜው!»

«ያ እየተጋፉ በእጅ የሚጫወቱት ኳስ ነው፤ የከተማው ቡድን ከኮሌጅ አዲስ ተጫዋች ሊወስድ ነው። ድራፍት የሚሉት እሱን ነው። እኛ ደግሞ ማንን መውሰድ እንዳለባቸው እየገመትን ነው። ሞክ ይባላል፣ ማለቴ የውሸት ነው። ማንም የትም አይሄድም። ተነሽ በናትሽ።»

እዚህ የተወለደው ልጅ ሳቁ አምልጦት አፉን ያዘ። የጎረቤቴ ልጅ አልሳቀም። በሁለት እጁ አንስቶኝ፣ «ምንም አይደል ማዘር» አለኝ፤ ዓይኑን ግን ግድግዳው ላይ አድርጎ ነበር። ሁለቱም ትንሽ ቆይተው ሄዱ። ልጄ የተቆረጠውን ሽንኩርት ድስት ውስጥ ከተተልኝና ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ።

ኳሱን ከጦር ማምታታቴ አይደለም ያሳፈረኝ። ያልተማረ ሰው ይሳሳታል፣ ይሳቅበታል፣ ያልፋል። ወንድሜን የወሰዱት ቀን ታጣቂዎቹ መጀመሪያ የገቡት ጎረቤታችን ቤት ነበር። ሴትየዋ ልጇን ከኋላዋ አድርጋ፣ ወደኛ ቤት በአገጯ ጠቆመች። እናቴ እስክትሞት ሰላም አላለቻትም። እኔም ይኸው እስከዛሬ ያቺን ሴት ሳስባት ሰው አልላትም ነበር። እሷ እንኳን በአገጯ ነው። እኔ በአፌ ነው የተናገርኩት፣ ያውም ለራሱ ለልጁ፣ ዓይኑን እያየሁ።

ከዚያ በኋላ በፊት ለፊቱ ደረጃ መውጣት ተውኩ። የጎረቤቴ በር በዚያ በኩል ነዋ። ልጇ ነግሯት ይሆን ወይስ አልነገራትም እያልኩ፣ በኋላው ደረጃ ዞሬ መኪናዬን ከሩቅ ፓርክ አደርግ ጀመር። ድምጿን ስሰማ መብራት አጠፋለሁ። ልጄ ታዘበኝ። «እና፣ እስከመቼ ነው የምትደበቂው?» አለኝ አንድ ቀን ጫማውን እያሰረ።

የተገናኘነው የግቢው ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው። ዘንቢሌን ታቅፌ ስገባ እሷ ማሽኑን እየሞላች ነበር። ልመለስ ስል አየችኝ።

«ግቢ እንጂ» አለችኝ። «ነግሮኛል።»

እዛው በሩ ላይ ቆምኩ። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

ልብሱን እየከተተች፣ ሳታየኝ፣ «እኔም ብሆን ያንቺን ነበር የምሰጣቸው» አለች።

ቀልድ መስሎኝ ፊቷን አየሁት። ቀልድ አይደለም። እሷም እንደኔ አፍራ ነበር፣ ባላደረገችው ነገር።

«ቦታ አለው፣ ጨምሪው» ብላ ፈቀቅ አለችልኝ።

ከዘንቢሌ መጀመሪያ የወጣው የልጄ ማሊያ ነው፣ የዚያው የከተማው ቡድን። ከሦስቱ ልጆቿ ልብስ ጋር ቀላቀልኩት። ክዳኑን ዘጋችው። ውኃው ሲሞላ ጎን ለጎን ቆመን ማሽኑን እናያለን፣ አንዳችንም ቀና አላልንም።